ለባጅና ለቁልፍ መያዣ ሬዚን የሚያፈስ ኮምፒውተር መር ማሽን በቤት ውስጥ አሠራር

በባጅ፣ በቁልፍ መያዣና በተለጣፊ አርማዎች ላይ የምናየው ጉብ ያለ ግልጽ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ኢፖክሲ ሬዚን፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ጋር ሲደባለቅ የሚደርቅ ወፍራም ፈሳሽ ነው። በእጅ በሲሪንጅ እየጨመቁ መሥራት ይቻላል፤ ትእዛዙ አሥርና ሃያ ከሆነ ማሽን መሥራት ትርፉ ድካም ነው። መቶን ሲያልፍ ግን እጅ ይዝላል፤ አንዱ ይጎድላል፣ ሌላው ከጠርዙ አልፎ ይፈሳል፤ በዚህ መሀል ሲሪንጁ ውስጥ ያለው ሬዚን መወፈር ይጀምራል። ከዚህ በታች የምገልጸው ማሽን 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ የተደረደሩ ተለጣፊዎችን አንድ በአንድ እየዞረ ለሁሉም እኩል መጠን ያፈስሳል።

የምሠራው የካ አባዶ፣ ወደ ለገጣፎ በሚያወጣው በኩል ባለ አንድ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። የከተማ ዳርቻ ቤት ጠዋት ይበርዳል፣ በበጋ አቧራ ይገባበታል፣ መብራትም በፈለገው ሰዓት ይሄዳል። መመሪያው እነዚህን ሦስቱን እንደ መነሻ ይዞ የተጻፈ ነው።

ይህን ማሽን ለመሥራት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ኮምፒውተሩንና ሞተሩን ነው። ያ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ሞተር የታዘዘውን ያህል ይዞራል፣ አለቀ። አስቸጋሪው ፈሳሹ ነው። ሬዚን እንደ ሙቀቱ፣ በውስጡ እንደ ታሰረው አየርና ከተደባለቀ በኋላ እንደ ቆየበት ጊዜ ጠባዩን ይለውጣል። ስለዚህ ገንዘብ ካጠረዎት ከሞተሩ ቀንሰው ለሚዛንና ለማሞቂያ ሣጥን ያውሉት።

ጠረጴዛው ለምን አይንቀሳቀስም

ብዙዎቹ ርካሽ ባለ ሦስት አቅጣጫ ማተሚያዎች ጠረጴዛቸው ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ያንን ንድፍ እዚህ አይቅዱ። በተለጣፊ ላይ የፈሰሰ ሬዚን ከጠርዙ ላይ የሚቆመው በገጽ ውጥረት ብቻ ነው፤ ጠረጴዛው ድንገት ቆም ሲል የመጀመሪያዎቹ ባጆች ይፈሳሉ። ጠረጴዛው እንደ ተተከለ ይቆይ፣ ከላይ ያለው ድልድይ ይሂድ፤ በድልድዩ ላይ ደግሞ ሲሪንጁን የተሸከመው ራስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንሸራተት። ሬዚኑ የሚወጣበት አፍንጫ ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ አያስፈልገውም፤ ከተለጣፊው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታሰራል። በዚህ ምክንያት የመቆጣጠሪያው ሦስተኛ አቅጣጫ፣ ማለትም ዜድ የሚባለው፣ ነጻ ይሆንልናል፤ ሲሪንጁን ለመግፋት እንጠቀምበታለን። የማሽኑ ብልሃት በሙሉ ይኸው ነው።

ዕቃ መሰብሰብ

ዋጋ አልጻፍኩም፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ በሚቀጥለው ወር አይሠራም።

ለኤሌክትሮኒክሱ የሚያስፈልገው አንድ አርዱዊኖ ኡኖ (ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ)፣ በላዩ የሚሰካ የሲኤንሲ ሺልድ (መንጂዎቹን የሚሸከም ቦርድ)፣ አራት ኤ4988 የሞተር መንጂዎችና አራት ኔማ 17 ስቴፐር (በእርምጃ የሚዞሩ) ሞተሮች ናቸው። ሁለቱ ሞተሮች ድልድዩን፣ አንዱ ሲሪንጁን የተሸከመውን ራስ፣ አንዱ የሲሪንጁን ገፊ ያንቀሳቅሳሉ። ባለ 2 ሚሊ ሜትር እርምጃ ጥርስ ያለው ቀበቶና ባለ 20 ጥርስ መዘውሮች ይጨምሩ።

ለስላሳ የብረት ዘንግ ለማግኘት መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርደው የተጣሉ ትልልቅ ፕሪንተሮችን ይፈልጉ፤ ኤ3 የሚያትሙት ዘንጋቸው ረዘም ይላል። ከመግዛትዎ በፊት ዘንጉን በመስታወት ላይ ያንከባልሉት፤ ከተንገዳገደ ጎብጧል። የፕሪንተሩን ሞተር ግን ይተዉት። ብዙዎቹ ስቴፐር አይደሉም፣ ስቴፐር የሆኑትም የእርምጃቸው መጠን ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ የተቆጠበው ገንዘብ ኋላ በራስ ምታት ይከፈላል። በዘንጉ ላይ የሚንሸራተት ኩሽኔታ ካጡ ማንኛውም ቶርኖ ቤት የናይለን ቡሽንግ ያወጣልዎታል።

ፍሬሙን ለመሥራት መንገድ ዳር ካሉት የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሠሪዎች የተረፈ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ይጠይቁ። ቆርጠው የጣሉት ቁራጭ ለእኛ ይበቃል፤ በትክክል በ90 ዲግሪ የሚቆርጥ መጋዝም እዚያው አለ።

ከፋርማሲ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በዛ አድርገው ይግዙ፤ እያንዳንዱ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለአፍንጫ የሚሆን ወፍራም መርፌ የከብት መድኃኒት ከሚሸጥበት ቤት ይገኛል፤ ባለ 14 ቁጥሩ የውስጥ ቀዳዳው 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጫፉን በሞረድ ቀጥ አድርገው ይቁረጡትና ስለቱን ያጥፉት። ቀጭን መርፌ ንጹሕ ጠብታ ይሰጣል ብለው አይታለሉ፤ የቀዳዳው ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ወፍራም ፈሳሽ ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ግፊት 16 እጥፍ ይሆናል።

በተጨማሪ እስከ 0.1 ግራም የሚለካ ሚዛን፣ ውሃ ልክ፣ ካሊፐር፣ የናይትራይል ጓንት፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪና ቻርጀሩ፣ እንዲሁም የእንቁላል መፈልፈያ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ዲጂታል የሙቀት መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል።

ፍሬምና ድልድይ

50 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይሥሩ። ሁለቱን ሰያፎች በሜትር ይለኩ፤ እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። በግራና በቀኝ ጎን አንድ አንድ ዘንግ ይግጠሙ፤ ድልድዩ በእነዚህ ላይ ይሄዳል። በድልድዩ ላይ ሁለት ትይዩ ዘንጎች ይኑሩ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ራሱ ይሽከረከራል።

እዚህ ላይ ብዙ አይጨነቁ። እንጨት ወይም ብረት እንደሚቆርጥ ማሽን አፍንጫችን ምንም ነገር አይነካም፤ የሚገፋው ኃይል የለም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት በባጅ ላይ አይታይም።

ጠረጴዛውን ግን ቸል አይበሉ። ከ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ቆርጠው በላዩ ወፍራም መስታወት ያድርጉና በሦስት ብሎኖች ላይ ያስቀምጡት። አራት እግር ያለው ነገር ወጣ ገባ በሆነ ወለል ላይ ይወዛወዛል፤ ሦስት እግር አይወዛወዝም። ውሃ ልኩን በሁለት አቅጣጫ እያስቀመጡ ብሎኖቹን ያስተካክሉ። ጠረጴዛው ጥቂት እንኳ ካዘነበለ ሬዚኑ ሌሊቱን ወደ አንድ ጎን ይሄድና ጠዋት ሁሉም ባጆች በአንድ ወገን ወፍረው ይገኛሉ። ማሽኑን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ይህን ልኬት ይድገሙ።

የሲሪንጅ ገፊው

ጊዜዎን የሚያጠፉበት ቦታ ይህ ነው።

ሁለት ሳህኖች ያስፈልጋሉ። የታችኛው የማይንቀሳቀስ ሲሆን ለሲሪንጁ ክንፍ የሚሆን ቦይ ይወጣለታል። የላይኛው የሚንቀሳቀስ ሲሆን የገፊውን ጭንቅላት ከላይም ከታችም ይይዛል። ከላይ መጫን ብቻ አይበቃም፤ ማሽኑ አፍስሶ ሲጨርስ ገፊውን ትንሽ ወደኋላ መሳብ አለበት። ካልሳበ ጠብታው በመንገድ ላይ ይንጠባጠባል።

ሞተሩን በክር ዘንግ ያገናኙት። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገኘው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ሙሉ ጥርስ ዘንግ ከበቂ በላይ ነው። እርምጃው 1.25 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ትንሹ ሞተር ትልቅ ግፊት ይሰጣል፤ መብራት ቢጠፋም ሲሪንጁ ወደኋላ አይመለስም። የሞተሩ ዘንግ 5 ሚሊ ሜትር፣ የክሩ 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሁለቱን የሚያጋጥም መጋጠሚያ ይግዙ ወይም ቶርኖ ቤት ያሠሩ። ለክሩ የሚሆን ረጅም ዳዶ በሚንቀሳቀሰው ሳህን ውስጥ ቀርቅረው በኢፖክሲ ማጣበቂያ ያጽኑት። ሳህኑ እንዳይጣመም በግራና በቀኝ መሪ ዘንግ ይኑረው። ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ሙሉ ጉዞው 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ዘንጎቹን ከዚያ ያስረዝሙ።

ዳዶና ክር መካከል ሁልጊዜ ትንሽ ክፍተት አለ። ሞተሩ አቅጣጫ ሲቀይር ያ ክፍተት እስኪሞላ ድረስ ሳህኑ አይነቃነቅም። መፍትሔው ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ሁለት ረጃጅም ላስቲኮች ቆርጦ ሳህኑን ሁልጊዜ ወደ ላይ እንዲስቡት ማሰር ነው። ላስቲኩም ሬዚኑም በአንድ አቅጣጫ ስለሚገፉ ዳዶው የክሩን አንድ ፊት እንደ ተደገፈ ይቆያል።

አሁን ስሌት። የሲሪንጁን የውስጥ ስፋት በካሊፐር ይለኩ፤ ከአምራች አምራች ይለያያል። 26.7 ሚሊ ሜትር ከሆነ የገጽ ስፋቱ 560 ካሬ ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ገፊው 1 ሚሊ ሜትር ሲወርድ 0.56 ሚሊ ሊትር ይወጣል ማለት ነው። ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ባጅ 7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በአማካይ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ከፈለጉ 1.1 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በገፊው ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጉዞ ይበቃዋል።

ኤሌክትሪክ

የስቴፐር ሞተር አራት ሽቦዎች ሁለት ጥንድ ናቸው። ጥንዱን ለመለየት ሁለት ሽቦዎችን አገናኝተው ዘንጉን በጣት ያዙሩ፤ ከበፊቱ ከከበደ ጥንድ ናቸው።

ከእያንዳንዱ መንጂ ሥር ያሉትን ሦስት ማገናኛዎች (ጃምፐሮች) ሁሉ ይሰኩ። በኤ4988 ይህ እያንዳንዱን እርምጃ በ16 ይከፍለዋል። ሱቁ በምትኩ ዲአርቪ8825 ከሰጠዎት ክፍፍሉ 32 ይሆናልና ከታች ያሉትን የ$100፣ የ$101 እና የ$102 ቁጥሮች በእጥፍ ያሳድጉ። አራተኛው መሰኪያ ድልድዩ የሚሄድበትን፣ ዋይ የተባለውን አቅጣጫ እንዲቀዳ በሺልዱ ላይ ማገናኛውን ያድርጉ። ሁለቱ የድልድይ ሞተሮች ፊት ለፊት ስለሚተያዩ የአንዱን መሰኪያ ገልብጠው ይሰኩት፤ ያለዚያ ድልድዩ ይጣመማል።

የመንጂውን የኃይል ልክ በትንሿ ብሎን ያስተካክሉ። በኤ4988 ላይ ያሉት ትንንሽ የመለኪያ ሬዚስተሮች 0.1 ኦም ከሆኑ ለ1 አምፒር 0.8 ቮልት፣ 0.05 ኦም ከሆኑ 0.4 ቮልት ያህል በብሎኗ ላይ በቴስተር ሊነበብ ይገባል። ኃይል ባለበት ሰዓት የሞተር ሽቦ አይንቀሉ፤ መንጂው ወዲያው ይቃጠላል። የ12 ቮልቱን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭም ደግመው ያረጋግጡ፤ ሺልዱ ተገልብጦ ከተሰጠው ራሱን አያድንም።

ኃይሉን በቀጥታ ከባትሪ ይስጡት፣ ባትሪውን ደግሞ ቻርጀር ይመግበው። መብራት ሲሄድ ማሽኑ አያውቀውም። ባለ 7 አምፒር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ አንድ ዙር ለማስጨረስ ይበቃል። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ባለ 5 አምፒር ፊውዝ ያስገቡ።

ባትሪ ሳያስገቡ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ወጥመድ አለባቸው። አርዱዊኖው ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ ነው። መብራት ሲጠፋ ሞተሮቹ ይቆማሉ፤ አርዱዊኖው ግን በላፕቶፑ ባትሪ እየኖረ እርምጃ መቁጠሩን ይቀጥላል። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱን ያለበት ቦታ ያልሆነ ቦታ ላይ አድርጎ ያስባል፣ ሬዚኑንም በባዶ መስታወት ላይ ያፈስሰዋል።

ፕሮግራሙና ቁጥሮቹ

አርዱዊኖው ላይ ጂአርቢኤል የተባለውን፣ ሞተሮቹን የሚመራውን ነጻ ፕሮግራም ይጫኑ። በላፕቶፑ ላይ ትእዛዝ የሚልክ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ዩኒቨርሳል ጂኮድ ሴንደር ነጻና በቂ ነው። የግንኙነት ፍጥነቱን 115200 ያድርጉ። ኮምፒውተሩ አርዱዊኖውን ካላየው ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ርካሾቹ ቦርዶች ላይ ያለው ሲኤች340 ቺፕ ነው፤ ድራይቨሩን ይጫኑለት።

ከዚያ እነዚህን ያስገቡ። ለቀበቶዎቹ ሞተሩ በአንድ ዙር 3200 ንዑስ እርምጃ ሲሄድ ቀበቶው 40 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ $100=80 እና $101=80። ለሲሪንጁ 3200 ለ1.25 ሲካፈል $102=2560። ሞተሮቹ ሲቆሙም እንዳይለቁ $1=255። ፍጥነቱ በደቂቃ በሚሊ ሜትር ስለሚለካ $110 እና $111 በ3000፣ $112 በ120 ይሁኑ። ማጣደፊያውን $120 እና $121 በ150፣ $122 በ20 ዝቅ አድርገው ይጀምሩ፤ ራሱ የተሸከመው ፈሳሽ ስለሆነ መናወጥ አይወድም።

መነሻ ቦታ የሚፈልግ ማብሪያ አላስገባሁም። ጂአርቢኤል እንደ ተለመደው መጀመሪያ ዜድን መነሻው ላይ ማድረስ ይፈልጋል፣ የእኛ ዜድ ደግሞ ሲሪንጅ ስለሆነ መነሻ የለውም። $22=0 አድርገው በመስታወቱ አንድ ጥግ ላይ የመስቀል ምልክት ያስምሩ። አፍንጫውን በእጅ ትእዛዝ ምልክቱ ላይ ያድርሱና ዜሮ ይበሉት። ቀላል ነው፣ አይበላሽም።

የእንቅስቃሴ ፋይሉን በኤክሴል ይሥሩት። ለእያንዳንዱ ባጅ የሚያስፈልገው ተመሳሳይ ነው፦ በጂ90 (ቦታን ከዜሮው በሚቆጥረው) ወደ ባጁ መሀል በጂ0 (በፈጣን ጉዞ) ይሂድ፤ በጂ91 (ካለበት ቦታ በሚቆጥረው) ገፊውን በጂ1 (በታዘዘ ፍጥነት) ያውርድ፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 10 ሚሊ ሜትር፤ በጂ4 አንድ ሁለት ሰከንድ ይጠብቅ፤ ከዚያ ገፊውን 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል በፍጥነት ወደኋላ ይሳብ፤ ሌላ ሁለት ሰከንድ ጠብቆ ወደሚቀጥለው ይሂድ። የሚቀጥለው ባጅ ላይ የሳበውን 0.6 መልሶ ከመጠኑ ጋር ይገፋል። በፋይሉ ውስጥ ፊደሎቹ በላቲን እንደሚጻፉ አይርሱ። ባጆቹን በ4 ሴንቲ ሜትር ርቀት 6 በ7 ከደረደሩ 42 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ማፍሰስ 15 ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ ከጥበቃውና ከጉዞው ጋር ዙሩ በ14 ደቂቃ ገደማ ያልቃል።

ሬዚን ከመግባቱ በፊት

መጀመሪያ ባዶውን ያስሩጡ። ራሱ 100 ሚሊ ሜትር እንዲሄድ አዘው በማስመሪያ ይለኩ። 98 ከሄደ ቁጥሩን በ100 አባዝተው ለ98 ያካፍሉ፤ አዲሱን ያስገቡ።

ቀጥሎ ሲሪንጁን በወፍራም የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይሙሉ። ውሃ አይሆንም፤ ቀጭን ስለሆነ ስለ ሬዚን ምንም አይነግርዎትም። ገፊውን 10 ሚሊ ሜትር አስወርደው የወጣውን ይመዝኑ፤ ደግመው ደጋግመው ያድርጉት። መጠኑ በየጊዜው ከተለያየ ችግሩ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ሲሪንጁ ውስጥ አየር አለ፣ የሲሪንጁ ክንፍ በቦዩ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ ወይም ላስቲኮቹ ላልተዋል። ፕሮግራሙን አይነካኩ፤ ጥፋቱ እዚያ አይደለም።

በመጨረሻ ልኩን በሬዚን ራሱ ይድገሙት። ከዚህ በኋላ ሚሊ ሊትርን ይርሱትና በግራም ያስቡ። 10 ሚሊ ሜትር ጉዞ 6.2 ግራም ከሰጠ፣ 1.2 ግራም ለሚፈልግ ባጅ 1.94 ሚሊ ሜትር ያዝዛሉ።

ሬዚኑን ማዘጋጀት

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከተማ ዳርቻ ያለ ቤት ጠዋት ሬዚን ለማፍሰስ አይመችም። የቀዘቀዘ ሬዚን ወፍሮ አረፋ ያስራል፣ ከአፍንጫውም በግድ ይወጣል። ጠርሙሱ ውስጥ ነጣ ብሎ ፍርፍር ካለ አልተበላሸም፤ እንደ ማር ረግቷል። ክዳኑን እንደ ዘጉ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለ ሙቅ ውሃ ውስጥ እስኪጠራ ያቆዩት፣ ከዚያ ሳይደባልቁ በፊት ያቀዝቅዙት።

ሁለቱንም ጠርሙሶች፣ የሬዚኑንና የማጠንከሪያውን፣ በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ እስከ 28 ዲግሪ ያድርሱ። ሣጥኑ ማለት የድሮ ዓይነት አምፖል፣ የሙቀት መቆጣጠሪያና በውስጡ ስታይሮፎም የተለጠፈበት የኮምፔንሳቶ ሣጥን ነው። አምፖሉ ስታይሮፎሙንም ጠርሙሱንም እንዳይነካ በሽቦ ወንፊት ይከልሉት፤ የ220 ቮልት ሽቦውን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ያሳዩ። ከ30 ዲግሪ በላይ አይሂዱ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ሬዚኑ የሚጠነክርበት ፍጥነት በግምት እጥፍ ስለሚሆን ፈሳሽነት ያገኛሉ፣ ጊዜ ግን ያጣሉ።

ድብልቁ በሚዛን እንጂ በኩባያ መስመር አይለካ። በመለያው ላይ ያለው ጥምርታ የይዘት ነው ወይስ የክብደት፣ አስተውለው ያንብቡ። በይዘት 2 ለ1 የሆነ ምርት ማጠንከሪያው ከሬዚኑ ስለሚቀል በክብደት 100 ለ43 አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ አምራቹ የጻፈው ቁጥር ይበልጣል። በዚህ ጥምርታ ለ42 ባጆች 60 ግራም ሲያዘጋጁ 42 ግራም ሬዚንና 18 ግራም ማጠንከሪያ ይሆናል። ማጠንከሪያ መጨመር ያፈጥነዋል የሚለውን ወሬ አይስሙ፤ የተረፈው ማጠንከሪያ ሽፋኑን ለስላሳና የሚያጣብቅ አድርጎ ያስቀረዋል።

ሦስት ደቂቃ ያህል በዝግታ ያማስሉ፣ የኩባያውን ጎንና ታች እየፈተጉ። ከዚያ ወደ ሌላ ንጹሕ ኩባያ ገልብጠው እንደገና ያማስሉ፤ በመጀመሪያው ኩባያ ግድግዳ ላይ የቀረው ያልተደባለቀ ስለሆነ አይጥረጉት።

አረፋ ለማውጣት የቫኪዩም ፓምፕ የሚገዙ ሰዎች ጌጁ ከዜሮ በታች 0.77 ባር ላይ ቆሞ ከዚያ አልወርድ ሲል ፓምፑ ተበላሽቷል ብለው ወደ ሻጩ ይመልሱታል። ፓምፑ ደኅና ነው። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ራሱ ግፊቱ 0.77 ባር ገደማ ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚወጣ የለም። ለባጅ ግን ፓምፕ አያስፈልግም፤ ሞቅ ያለ ሬዚን ጥቂት ደቂቃ ሲቀመጥ አረፋውን ራሱ ይተፋል።

ሲሪንጁን ለመሙላት አፉን ደፍነው ዘንበል አድርገው ይያዙ፣ ሬዚኑንም በግድግዳው ላይ በቀጭኑ ያንቆርቁሩ። ገፊውን ሲያስገቡ ጫፉ ላይ ካለው ጎሚኒ ጎን ቀጭን የናይለን ክር ያስገቡ፤ አየሩ በክሩ በኩል ይወጣል። ጎሚኒው ሬዚኑን ሲነካ ክሩን መዝዘው ያውጡ። አፉን ወደ ላይ አድርገው የቀረውን አረፋ ያስወጡ። ይህን እርምጃ አይዝለሉ፤ በሲሪንጅ ውስጥ የቀረ አየር ሲጨመቅ ግፊት ስለሚያጠራቅም ሞተሩ ከቆመ በኋላም ሬዚኑ መውጣቱን ይቀጥላል።

ጓንቱ ናይትራይል ይሁን፤ ላቴክስ አሳልፎ ይሰጣል። ማጠንከሪያ ደጋግሞ ቆዳ ላይ ሲነካ አለርጂ ያመጣል፣ አንዴ ከመጣ ደግሞ አይለቅም። ቆዳዎን ከነካ በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ፤ በአሴቶን ማጥራት ወደ ውስጥ እንዲገባ መርዳት ነው። መስኮት ይክፈቱ፣ ልጆች አይግቡ፣ ከወጥ ቤት የመጣ ዕቃም ወደ ወጥ ቤት አይመለስ።

ማፍሰስ

ተለጣፊዎቹ ጠርዛቸው ንጹሕ ሆኖ የተቆረጠ መሆን አለበት፤ ሬዚኑ የሚቆመው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው። በመስታወቱ ላይ በልካቸው ያስምሩና ይደርድሩ። አፍንጫውን ምልክቱ ላይ ዜሮ ያድርጉ፣ በወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ያስወጡና ፋይሉን ያስጀምሩ።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ባጆች በዓይንዎ ይከተሉ። ራሱ ሲሄድ ክር የሚጎትት ከሆነ የመሳቢያውን 0.6 ወደ 0.8 ያሳድጉ ወይም የጥበቃ ጊዜውን ይጨምሩ። ባጁ ላይ ሲደርስ ዘግይቶ የሚጀምር ከሆነ በዝተው ስበዋል። አራት ማዕዘን ተለጣፊ ላይ በመሀል ብቻ ማፍሰስ ጥጎቹን አያደርስም፤ ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ በመስመር እንዲሄድ ያድርጉ፣ የቀረውን ጥግ በስቴኪኒ ይምሩት።

ዙሩ ካለቀ በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቀው የጋዝ ነበልባል በላዩ በፍጥነት ያሳልፉ። አንድ ቦታ ላይ አይቁሙ፤ ተለጣፊው ይኮማተራል። አቅራቢያው አሴቶን ወይም አልኮል አይኑር።

ኩባያ ውስጥ የተረፈ ሬዚን ራሱን ያሞቃል፣ ብዙ ከሆነም ይጨሳል። በካርቶን ላይ በስሱ ዘርግተው ደጅ ያውጡት፤ ከደረቀ በኋላ ከቆሻሻ ጋር ይሄዳል። በፍሳሽ ማስወገጃ አይድፉት። ሲሪንጁንና መርፌውን ይጣሉ፤ ለማጠብ የሚጠፋው አልኮል ከአዲስ ሲሪንጅ ይበልጣል።

ማድረቅ

ወዲያው ከአቧራ የሚከልል ክዳን ያድርጉበት። ከስሚንቶ ወለል የሚነሣ አቧራ ስላለ ከማፍሰስዎ በፊት ወለሉን ውሃ ቢረጩት ይሻላል፤ ነገር ግን ረጭተው ወዲያው አይጀምሩ፣ እርጥበቱ ይውጣ።

በክረምት ችግሩ አቧራ ሳይሆን እርጥበትና ብርድ ነው። በማግሥቱ በሽፋኑ ላይ ቅባት የመሰለ ነጭ ነገር ካዩ ማጠንከሪያው ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተገናኝቷል። በሞቀ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ በላዩ ሁለተኛ ሽፋን ለማፍሰስ ካሰቡ ሳይታጠብ አያፍስሱ። እንዳይመጣ ከፈለጉ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት በማሞቂያ ሣጥኑ ውስጥ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ያቆዩት።

አብዛኛው ኢፖክሲ በ24 ሰዓት ይነካል፣ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት ግን እስከ አንድ ሳምንት ይወስዳል። ደንበኛው ቢቸኩልም በሁለተኛው ቀን ደርድረው አያሽጉ፤ የጣትና የፕላስቲክ አሻራ ይቀርበታል። ለመኪና ወይም ደጅ ለሚሰቀል ታፔላ ትእዛዝ ከመጣ ደግሞ ለደንበኛው አስቀድመው ይንገሩ፤ ተራ ኢፖክሲ በፀሐይ ቢጫ ይሆናል፣ የእኛ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ይበረታል። ለዚያ ሥራ የሚሆነው ፖሊዩሬታን ነው፤ እርሱ ግን ከእርጥበት ጋር አይስማማም፣ ማጠንከሪያው ለመተንፈሻ አካል አደገኛ ነው፣ ስለዚህ በሰርቪስ ቤት ውስጥ እንዲሠሩበት አልመክርም።